ሳይነበብ አይነድም

አማቴ ወደ እኛ ቤት የመጡት የቤታቸው ግማሽ ጣራ በመድፍ በተነሳ ማግስት ነው። የሰፈራቸው ሰው ፍራሹንም ድስቱንም ተሸክሞ ሲወጣ፣ እሳቸው አንድ ጋሪ ገፊ ለምነው ሁለት ትልልቅ ጆንያ አስጭነው መጡ። ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ሳያቸው ዱቄት መስሎኝ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ጆንያውን ስዳስሰው ግን ማዕዘን ማዕዘን አለው።

«ምንድን ነው እማማ?»

«መጽሐፍ ነው» አሉኝ እንደ ዋዛ። «የእሱ መጻሕፍት ናቸው። ዝናብ ሊያበሰብሳቸው ሆነ።»

እሱ የሚሉት ሟቹን ባላቸውን ነው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ሰው የተበጣጠሰ መጽሐፍ ያመጣላቸዋል፣ እሳቸው ሰፍተው፣ አጣብቀው፣ አዲስ ሽፋን አልብሰው ያስቀምጡለታል። ብዙው ሰው ተመልሶ አይመጣም። ባለቤቱ የረሳው ሁሉ እቤታቸው ተከማቸ። ስለዚህ ጆንያው ውስጥ ልብ ወለዱ ከግብር ደንብ፣ ግጥሙ ከከብት ሕክምና ጋር ተደበላልቆ ነበር የሚገኘው። ያን ክምር ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ «ሰው ዱቄት ይዞ ይሸሻል፣ የኔዋ አማት ወረቀት ይዘው ይሸሻሉ» እያልኩ በሆዴ አጉረመረምኩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ጦርነቱ ሲጀመር ከግድግዳው ጥግ አስገባሁት። ባሌ የአምቡላንስ ሹፌር ነው። ከነመኪናው ወደ ግንባር ሲታዘዝ በር ላይ ቆሞ «እማዬን አደራ» ብሎኝ ሄደ። አደራው ቀላል አልነበረም። ከአማቴ ጋር ተጣልተን አናውቅም፤ ግን የምንነጋገረው እሱ በመካከላችን ሲኖር ነው። እሳቸው ለሱ ይነግሩታል፣ እሱ ለኔ ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ በሱ በኩል እመልሳለሁ። እሱ ሲሄድ ሁለታችን በአንድ ክፍል ውስጥ አስተርጓሚ እንደጠፋቸው እንግዶች ቀረን። የአማቴን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ፊደል ግን አይታያቸውም። ቀኑን ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጆንያውን በእግራቸው ይነካኩታል።

መጀመሪያ መብራት ጠፋ። ቀጥሎ ላምባ፣ ከዚያ ከሰል ጠፋ። የውሃው ቧንቧ ከተመታ በኋላ ከሕንፃው ጀርባ ካለ ጉድጓድ ነበር የምንቀዳው፤ ያ ውሃ ደግሞ ካልፈላ አይጠጣም፤ ሳያፈሉ የጠጡ ጎረቤቶቻችን በተቅማጥ ሲያልቁ አይተናል። ከቆርቆሮ የተሠራች ምድጃ አለችኝ። እሷን መጀመሪያ የዕቃ ሳጥኖቹን፣ ከዚያ የመተኮሻ ጠረጴዛዬን፣ ከዚያ የቁም ሳጥኑን በር አበላኋት። አንድ ቀን ጠዋት ዞር ዞር ብዬ ባይ የሚነድ ነገር የለም። ዓይኔ ጆንያዎቹ ላይ አረፈ። መናገር ግን ፈራሁ። ከመስኮት ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ መስኮት እመላለሳለሁ።

«ማገዶ አልቋል አይደል?» አሉ አማቴ።

«አልቋል እማማ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስትንቆራጠጪ እሰማሻለሁ። ምን ልትይኝ እንደፈለግሽም አውቃለሁ።»

እሳቸው ጉልበታቸውን አሻሹ።

«ታነጂዋለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ወረቀት አቅፌ ሰው በውሃ ጥም ሲሞት አላይም። እሱም ቢኖር ይኸንኑ ይል ነበር። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ሳይነበብ አይነድም።»

«እንዴት ማለት?»

«አንብቢልኝ፣ ከዚያ ታነጂዋለሽ። እሱ አንድ በአንድ በመርፌ የሰፋቸው ናቸው። ማንም ሳያውቃቸው ወደ እሳት አይግቡ።»

ጉድ ፈላ አልኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ነው ከእናቴ ጋር ስፌት የገባሁት። የማነበው የሸሚዝ ልክና የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ነው። ግን ውሃው መፍላት አለበት። እጄን ሰድጄ ከሁሉም ቀጭኑን መዘዝኩ። የቆዳና ሌጦ ቀረጥ ደንብ ነበር። የምድጃውን ዳር ተደግፌ፣ ጣቴን ከቃል ቃል እየጎተትኩ ጀመርኩ። «አንቀጽ አንድ። ማንኛውም... ጥሬ... ቆዳ...» እያልኩ፣ እየተደናቀፍኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ። ውጭ መድፉ ያጓራል። ከተማዋ ዙሪያዋን ተከባለች።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ አማቴ። «የሚያባርረን የለም።»

ያን ሲሉ አንዱ የመድፍ ጥይት ቅርብ ወድቆ የመስኮቱ ክፈፍ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸው መሰለኝ፣ ከንፈራቸው መሸሽ ጀመረ። ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። እሳቸው እኛ ቤት ከገቡ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። የቀረጡን ደንብ እስከ መጨረሻው አንቀጽ አንብቤ ነው ውሃውን ያፈላሁበት።

እንዲህ ቀጠልን። ጠዋት ውሃ እቀዳለሁ፣ ከዚያ አነባለሁ፣ ያነበብኩትን ያህል እየቀደድኩ አነዳለሁ። የከብት ሕክምናውን ጨረስን፤ የላም ሆድ ሲነፋ ምን እንደሚደረግ ከነመጠኑ አወቅኩ፣ ላም ግን የለንም። ስለ ንብ እርባታ የሚያወራው መጽሐፍ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ንቦቹ እንዴት ሥራ እንደሚከፋፈሉ፣ ብርድ ሲሆን እንዴት አንድ ላይ ተጠጋግተው በክንፋቸው እንደሚሟሟቁ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ጣቴን መጎተት ማቆሜን እንኳ አላስተዋልኩም። ንግሥቲቱ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ሌሎቹ ሁሉ እንደሚመግቧት ሳነብ ዞር ብዬ አማቴን አየሁ።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም።»

«ዝም ማለትሽን ሰማሁት። እኔን ነው ያልሽው።»

«እኔ ምን ወጣኝ እማማ፣ መጽሐፉ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ንግሥቲቱ ውሃ ጠምቷታል፣ አንድጂ» አሉ። የንቡን መጽሐፍ ሳነድ ግን ከልቤ አዘንኩ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ነው የጨመርኳቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፊደሉ ራሱ ይሮጥልኝ ጀመር። ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ሳልደርስበት ይታወቀኛል፣ ጨርቅ ስቀድ መቀሱ ራሱ መንገዱን እንደሚያውቀው ማለት ነው። ጠዋት ስነሳ የማስበው ስለ ተኩሱ ሳይሆን ስለ ትናንቱ ገጽ ሆነ። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ዓይነት ከተማ ውስጥ የነቃ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ወፍራሙ ልብ ወለድ ወጣ። ሽፋኑ አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ አማቴ በእጃቸው ዳሰሱትና «ይኼን የሰፋው እኔ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ነው፣ አጠገቤ ተቀምጦ» አሉ። ታሪኩ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ስለወረሰችው ጀልባ ነው። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት መንደሮች ደም ተቃብተዋል፣ እሷ ግን የሁለቱንም ሰው ታሻግራለች። የባሏ ወንድም ጀልባውን ሊቀማት ይፈልጋል።

መድፉ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ነው። ፊት ለፊታችን የሚኖረው ባለታክሲ «ምሳቸውን ይበሉና ይጀምራሉ» ይላል። ቤንዚን ከጠፋ ጀምሮ መኪናው በር ላይ በሸራ ተሸፍና ቆማለች፣ እሱም ሥራ ፈትቶ ሁሉ ነገር ያናድደዋል። ተኩስ ሲበረታ መስኮት የሌለበት ቦታ ደረጃው ብቻ ስለሆነ የፎቁ ሰው ሁሉ እዚያ ይወጣል። አንድ ቀን መጽሐፉ በእጄ እንዳለ ወጣሁ፣ አማቴም «ቀጥይ እንጂ» አሉኝ። ሰው ፊት ማንበብ አፈርኩ። በዝግታ ጀመርኩ።

«እህቴ፣ አሁን ይኼ የንባብ ጊዜ ነው?» አለ ባለታክሲው። «ጆሯችንን ሰጥተን የሚመጣውን እንስማ እንጂ።»

«ስትሰማው ይቀራል?» አሉት አማቴ።

እኔም ቀጠልኩ። ከታችኛው ፎቅ አንዲት አራስ ሕፃኗን አቅፋ ወጥታ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ጀልባዋን በማዕበል መሃል ትቼ መጽሐፉን ስዘጋ ተኩሱ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደቆመ ማንም ልብ አላለም።

በማግስቱ ባለታክሲው በሬን አንኳኳ። ጎሮሮውን ጠራረገና «ሴትዮዋ ተሻገረች?» አለኝ።

«ገና ነው ጋሼ። ከሰዓት ይምጡና ይስሙ።»

ከዚያ ወዲህ ተኩስ ቢኖርም ባይኖርም ደረጃው ላይ መሰብሰብ ጀመርን። አራሷ አንድ ቀን ሕፃኑ አስመልሶት ቀረች። በነጋታው መጥታ «የትናንቱን መልሰሽ አንብቢልኝ» ስትለኝ ፊቴ ጠቆረ።

«ነዷል» አልኳት።

«ምን?»

«ያነበብነውን ነው የምናነደው። ውሃ የምናፈላበት ሌላ የለንም።»

ባለታክሲው ተነስቶ እቤቱ ገባ። ከውስጥ የሚሰነጠቅ እንጨት ድምፅ ሰማን። የአልጋውን ራስጌ ተሸክሞ ወጣና እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«ይቺ ለሰሞኑ ትበቃለች» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ መጽሐፍ አንድ ቅጠል እንዳትቀድጂ። ሴትዮዋ ወንዝ መሃል እያለች ልታቃጥያት ነው እንዴ?»

«የርስዎ አልጋስ?»

«እኔ ራስጌ ምን ያደርግልኛል፣ እንቅልፍ የለኝ።»

አራሷ በማግስቱ የግድግዳ መደርደሪያዋን ነቅላ አመጣች። ከላይኛው ፎቅ የተሰበረ ወንበር ወረደ፣ ማን እንዳወረደው አላየሁም። ውሃውን በአንድ ላይ በኔ ምድጃ አፍልተን መከፋፈል ጀመርን፤ ለሕፃኑ የሚሆነው ቀድሞ ይቀዳል። የቀሩት መጻሕፍት በዚህ ሁኔታ ተረፉ። እኔም አንድ እንግዳ ነገር ገባኝ። ሲርበን፣ ሲበርደን፣ ሰው ሁሉ በሩን በቆለፈበት ጊዜ፣ ያን በር ያስከፈተው አንዲት በወረቀት ላይ ብቻ ያለች ባለጀልባ ናት።

አንድ ከሰዓት ግን የባሌ ባልደረባ የሆነ ነርስ መጣ። ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ቁጭ በል ስለው እንቢ አለኝ።

«መኪናው ተመትቷል» አለ። «በድልድዩ መንገድ ላይ። ከውስጡ ሰው ወጥቷል ይላሉ፣ ማን እንደወጣ ግን አላወቅንም። እያጣራን ነው።»

አማቴ ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆነው «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ውሃ ጠጥተህ ሂድ» አሉት። ድምፃቸው አልተሰበረም። እሱ ሲወጣ ግን እጃቸው አንሶላውን ጨምድዶ እንደያዘ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቀን አይባሉም። እቀዳለሁ፣ አፈላለሁ፣ እቀመጣለሁ። ደረጃው ላይ ወጣን፣ ሰዎቹም መጡ፣ እኔ ግን መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ አልከፍተውም።

«አንብቢ» አሉኝ አማቴ።

«አልችልም።»

«አንብቢ ልጄ።»

«ልጅዎ በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም፣ እርስዎ መጽሐፍ ይሉኛል?» አልኩ፤ ድምፄ ደረጃውን ሞላው። ሕፃኑ ደነገጠ።

አማቴ አልተቆጡም። በእጃቸው ፈልገው ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ ዝም ስትይ የማየው እሱን ብቻ ነው» አሉኝ። «ዓይኔ ሌላ የሚያየው ነገር የለውማ። ስታነቢ ግን ወንዙን አያለሁ። ሴትዮዋን አያለሁ። ትንሽ አረፍ እላለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ስለሱ አስባለሁ። ለማረፍ ነው የምለምንሽ።»

እንባዬ መጣ፣ ፊደሉ ሁሉ ተደባለቀብኝ። ባለታክሲው እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አነሳ። መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገና ጀመረ። ሲያነብ ለመስማት ይከብዳል። አራት ነጥብ ባየ ቁጥር ፍሬን እንደያዘ ሰው ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ሞተር እንደሚያስነሳ ይጀምራል፤ የሴትዮዋንም የባላንጣዋንም ንግግር በአንድ ዓይነት የቁጣ ድምፅ ነው የሚለው። ግን አነበበ። አንድ ገጽ፣ ቀጥሎ ሌላ። በሦስተኛው ላይ የባልየው ወንድም የጀልባውን ገመድ ሲቆርጥ ትንፋሼን ይዤ ራሴን አገኘሁት። ለዚያች ያህል ጊዜ የተመታውን መኪና ረስቼው ነበር። እንቅልፍ ካጣሁ ወዲህ ያረፍኩት ያኔ ነው።

«ይስጡኝ ጋሼ» አልኩት ፊቴን እየጠረግኩ። «መጽሐፉን ገደሉት።»

«ምን ላድርግ፣ ማርሹ አልገባ አለኝ» አለና መለሰልኝ። አራሷ ሳቀች፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ፣ ካቆመበት ቀጠልኩ።

ነርሱ ተመልሶ የመጣው ደረጃው ላይ እንዳለን ነው። ገና ከታች «አለ! በሕይወት አለ!» እያለ ወጣ። ትከሻውና የጎን አጥንቱ ተጎድቶ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው እስኪያገኙ ነው ወሬው የዘገየው። አማቴ የነርሱን እጅ ስበው ሳሙት፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ባለታክሲው ወደ ግድግዳው ዞሮ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ያን ቀን ማንም አንብቢ አላለኝም። ተጠጋግተን ተቀመጥን።

ተኩስ አቁም የተባለው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ባሌ በጭነት መኪና ተጭነው ከመጡ ቁስለኞች ጋር ወረደ። ከስቷል፣ ክንዱ ታስሯል፣ ፊቱ የሱ ሆኖ የሱ አይደለም። እናቱን አቀፈ፣ እኔን አቀፈ፣ ከዚያ ተቀመጠ። አልተናገረም። «ራበህ?» ስንለው ራሱን ይነቀንቃል። የበር ድምፅ ሲሰማ ይነሳል። ያየውን አልጠየቅነውም፣ እሱም አልነገረንም።

እኛ መድፍ ባይኖርም ከሰዓት ከሰዓት ደረጃው ላይ መውጣት አልተውንም ነበር፤ መጽሐፉ ገና አላለቀም። ልንጨርሰው ጥቂት ሲቀረን አንድ ቀን ባሌ በሩን ከፍቶ ወጣና ከበላያችን ተቀመጠ። አነበብኩ። ሰማ። ምዕራፉ ሲያልቅ «ቆዩ» አለ። ሁላችንም ዞርን። «ይቺ ሴትዮ ማናት? ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»

«መጀመሪያው እኮ ነዷል» አልኩት።

«እኛ አለን እንጂ!» አለች አራሷ። «ባሏ ሲሞት ነው የሚጀምረው።»

«አይደለም፣ በጀልባው ነው» አለ ባለታክሲው። «ቀለሙ ተላጦ፣ ዳር ላይ ተገልብጦ።»

«ሰማያዊ ቀለም» አሉ አማቴ። «ሰማያዊ ነው ያለው፣ አስታውሳለሁ።»

እየተቀባበሉ፣ እየተራረሙ፣ አንዳንዴም እየተጨቃጨቁ የነደዱትን ገጾች በሙሉ ነገሩት። ያመለጣትን ምዕራፍ እንኳ አራሷ ከኛ ሰምታ ከኛ አብልጣ ታወራዋለች። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለማወቅ ሁላችንም ልባችን ተንጠልጥሏል፣ ግን ማንም አልቸኮለም፤ ታሪኩን እንደገና ከሥሩ ጀምረን እሱ እስኪደርስብን ጠበቅነው። አብረን ጨረስነው። ባለጀልባዋ ምን እንደሆነች እዚህ አልናገርም፣ ባለታክሲው ግን ተደስቷል።

ባሌ መናገር የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ስለ ሴትዮዋ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ስለ አንድ በመኪናው ስላመላለሰው ልጅ፣ ከዚያ ስለ ድልድዩ። ጠዋት ጠዋት፣ ሻይ እየጠጣን፣ በትንሽ በትንሹ። ሁሉንም ሲጨርስ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ተኛ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ሕፃን።

ሳልቀሰቅሰው ቀስ ብዬ ተነስቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። አማቴ ምስር ሰፌድ ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይለቅማሉ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ለመናገር የፈለግኩት ብዙ ነበር፤ ያ ሁሉ ጊዜ በምን እንደቆምኩ፣ ማን እንዳቆመኝ። የወጣልኝ ግን «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ብቻ ነው።

«ለምኑ?»

«ለመጻሕፍቱ። ስላስነበቡኝ።»

«ያነበብሽው አንቺ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ እንጂ ምን አደረግኩ?» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ከምስሩ ላይ አንስተው ጉንጬን ፈልገው ዳሰሱኝ፣ ቆዩበትም። «እንዲያውስ እኔ ነኝ ማመስገን ያለብኝ። በይ አሁን ሰፌዱን ወደ አንቺ ሳቢው፣ ጠጠር እያመለጠኝ ነው።»